ምዕራፍ ሰባት፦ የተዘጋ አድራሻ፣ የተሸፈነ ፊት

እ.ኤ.አ. በ1999 መገባደጃ ላይ ኢቤይ የተባለው የኢንተርኔት ጨረታ ኩባንያ በጠቅላላው 169 የአይፒ አድራሻዎችን ለይቶ ማገድ ጀመረ (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከአድራሻዎቹ ጀርባ ማን እንዳለ ኢቤይ ያውቅ ነበር። ቢደርስ ኤጅ የሚባል ትንሽ ኩባንያ ነው። ከመቶ በላይ የጨረታ ድረ ገጾችን በፕሮግራም እያሰሰ፣ የትኛው ዕቃ የት፣ በስንት ዋጋ እንደቀረበ በአንድ ገጽ ያሳያል። ለገዢው የሚመች አገልግሎት ነበር። ሁለቱ ኩባንያዎችም መጀመሪያ ላይ ተስማምተው ነበር፤ ኢቤይ ለ90 ቀን እንዲያስሱ ፈቅዶላቸዋል። ያልተግባቡት መረጃው እንዴት ይወሰድ በሚለው ነው። ኢቤይ ደንበኛ ሲጠይቃችሁ ብቻ ፈልጉ አለ፤ ቢደርስ ኤጅ ሁሉንም አስቀድሞ ሰብስቦ በራሱ ቋት ማስቀመጥ ፈለገ። ድርድሩ ፈረሰ፣ አድራሻዎቹ ተዘጉ። ቢደርስ ኤጅም ጥያቄውን በሌላ ኮምፒዩተር አድራሻ በሚያስተላልፉ ፕሮክሲ ሰርቨሮች በኩል አዙሮ መግባቱን ቀጠለ።

ጉዳዩ ካሊፎርኒያ ውስጥ ዳኛ ሮናልድ ዋይት ፊት ቀረበ። ቢደርስ ኤጅ የኢቤይን ሰርቨሮች በቀን ከ80,000 እስከ 100,000 ጊዜ ይጠይቃል፤ ይህም ኢቤይ ከሚደርሰው ጥያቄ ሁሉ 1.53 በመቶ ገደማ ነበር። ቢደርስ ኤጅ ይህ ምንም አይጎዳችሁም ብሎ ተከራከረ። ዳኛው ግን ግንቦት 2000 ላይ እግድ ሰጡ። ሰርቨሩ የኢቤይ ንብረት ነው፤ ዛሬ አንዱ ቢፈቀድለት ነገ ሌሎች ይከተሉታል፣ የሁሉም ድምር ደግሞ ሰርቨሩን ያንበረክከዋል የሚል ነበር ምክንያታቸው።

ከዚያ ወዲህ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፏል። ዛሬ ፕሮክሲ መከራየት የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ማንነትን የሚሰውሩ መረቦችም በነጻ ይገኛሉ። ብዙ ጀማሪ ፕሮግራመር ከድረ ገጽ መረጃ እንዲለቅም የጻፈው ቦት ሲታገድበት ቶሎ ትዝ የሚለው ቶር ነው። አድራሻዬ ስለታወቀ ታገድኩ፤ ካልታወቀ አልታገድም ብሎ ያስባል። ሐሳቡ የሚያስኬድ ይመስላል፣ ግን ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ያምታታል። ቶር የተሠራው ጠያቂው ማን እንደሆነ እንዳይታወቅ ነው። ቦት የሚያግድ ድረ ገጽ ግን በአብዛኛው የማንም ስም አያሳስበውም፤ የሚያሳስበው በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደተጠየቀ ነው። ይህን ልዩነት ያልተረዳ ሰው ሥራው አይሳካለትም፤ ይባስ ብሎ ሳያውቀው ሌሎችን ይጎዳል።

የአይፒ አድራሻ ኢንተርኔት ላይ ያለ መሣሪያ መልስ የሚቀበልበት ቁጥር ነው። ገጽ ለመክፈት የሚላክ ጥያቄ ሁሉ የላኪውን አድራሻ ይዞ ይሄዳል፤ አለዚያ ሰርቨሩ ገጹን ወዴት እንደሚልክ አያውቅም። ድረ ገጽ የሚያስተዳድር ሰውም ከመዝገቡ ላይ መጀመሪያ የሚያየው ይህንኑ ቁጥር ነው። አንባቢ ገጽ ይከፍታል፣ ያነባል፣ ሌላ ይከፍታል፣ ይሄዳል። ቦት በደቂቃ ስድስት መቶ ገጽ፣ በተራ ቁጥር፣ ሌሊቱን ሙሉ፣ ምስሎቹን ሳይጭን ይጠይቃል። ልዩነቱ ከመዝገቡ ላይ ፈጦ ይታያል። የመጀመሪያው እርምጃ ብዙውን ጊዜ 429 የሚል መልስ ነው፦ ጥያቄህ በዝቷል ማለት ነው። አንዳንዴ ስንት ሰከንድ ቆይቶ መመለስ እንደሚገባም አብሮ ይነገራል። ይህን ያልሰማ ቦት 403 ይደርሰዋል፤ ተከልክሏል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አድራሻው ጭራሽ መልስ አያገኝም።

አድራሻ ግን ሰው አይደለም። የተለመደው የአይፒ አሠራር ያሉት ቁጥሮች 4.3 ቢሊዮን ያህል ብቻ ስለሆኑ ለዓለም ሕዝብ እንኳ አይበቁም። ስለዚህ የሞባይል ኩባንያዎች እጅግ ብዙ ደንበኞችን ከአንድ አድራሻ ኋላ ያሰልፋሉ፤ ዩኒቨርሲቲም፣ መሥሪያ ቤትም፣ ኢንተርኔት ካፌም እንደዚሁ። በ2007 መባቻ ላይ አንድ የዊኪፔዲያ አስተዳዳሪ አጥፊ ጽሑፍ የመጣበትን አንድ አድራሻ ከማረም አገደ። ያ አድራሻ የኳታር ነበር፤ በወቅቱ የአገሪቱ የኢንተርኔት ግንኙነት ከሞላ ጎደል በሙሉ ኪውቴል በተባለው የቴሌኮም ኩባንያ በኩል፣ በዚያችው አድራሻ ያልፍ ነበር። አንድ አጥፊ ለመከልከል ታስቦ ኳታር ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሳይመዘገብ አንዲት ቃል ማረም ተከለከለ። ስህተቱ ሲታወቅ እገዳው በሰዓታት ውስጥ ተነሳ።

አድራሻ መዝጋትና አድራሻ መቀየር ሲፎካከሩ የት ሊደርሱ እንደሚችሉ በግልጽ ያሳየው ግን ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ማለትም ኤምአይቲ ውስጥ የሆነው ነው። መስከረም 2010 ላይ አሮን ስዋርትዝ የተባለው ወጣት ፕሮግራመር አዲስ ላፕቶፕ ይዞ ወደ ግቢው ገባ፤ በእንግድነት ተመዝግቦ ከኔትዎርኩ ጋር ተገናኘ። ከጄስቶር የምሁራን መጽሔቶች ቋት ጽሑፍ በተከታታይ የሚያወርድ አጭር ፕሮግራም ጽፎ ነበር። በማግስቱ ማታ ጄስቶር የላፕቶፑን አድራሻ ዘጋ። በሚቀጥለው ቀን ላፕቶፑ በአንድ ቁጥር ብቻ የሚለይ ሌላ አድራሻ ይዞ ተመለሰ። ጄስቶር በዚህ ጊዜ ሰፊ የአድራሻ ክልል ዘጋ፤ ምንም ያላጠፉ የኤምአይቲ ተመራማሪዎችም አብረው ተዘጉ። ኤምአይቲ በበኩሉ የላፕቶፑን የኔትዎርክ ካርድ መለያ ቁጥር አገደ። ስዋርትዝ መለያ ቁጥሩን ቀየረ። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ የማውረዱ ፍጥነት ከጄስቶር ሰርቨሮች አንዳንዶቹን ሥራ እስከማስቆም ደረሰና ጄስቶር መላውን ኤምአይቲ ለቀናት ዘጋ። ከዚያም ላፕቶፑ ሕንጻ 16 ምድር ቤት፣ የኔትዎርክ ገመዶች የሚገናኙባት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በቀጥታ ከማከፋፈያው ጋር ተያይዞ ተቀመጠ። ጥር 2011 ላይ እዚያው ተገኘ፤ ካሜራ ተገጠመ፤ ስዋርትዝ በቀናት ውስጥ ተያዘ።

ጄስቶር ከስዋርትዝ ጋር ተስማምቶ ጉዳዩን ዘጋ፤ እንዲከሰስም እንደማይፈልግ አሳወቀ። የፌዴራል ዓቃቤ ሕግ ግን ክሱን ቀጠለ፤ በ2012 ክሶቹ ወደ 13 አደጉ። ፍርድ ሳይሰጥ፣ ጥር 2013 ላይ ስዋርትዝ በ26 ዓመቱ ሕይወቱን አጠፋ። ይህ ሁሉ ፋይል በማውረድ የተጀመረ ነገር ላይ የወረደ እጅግ ከባድ በትር ነበር፤ ብዙ የሕግ ሰዎች ያኔም አሁንም ይህንኑ ይላሉ። በቴክኒኩ በኩል ታሪኩ የሚያሳየው ሌላ ነው። አድራሻ በተቀየረ ቁጥር የሚዘጋው ክልል ይሰፋል፤ በሰፋ ቁጥር ደግሞ ከነገሩ ጋር ምንም የማይገናኙ ሰዎች በብዛት ይታገዳሉ።

ስዋርትዝ በዚያ ሥራ የተጠቀመው የግቢውን ኔትዎርክ ነው። ዛሬ ተመሳሳይ ነገር የሚሞክር ሰው አድራሻ ለመቀየር ምድር ቤት መውረድ አያስፈልገውም።

ቶር የተገኘበት ሐሳብ የተወለደው በ1990ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ ነው። ፖል ሲቨርሰን፣ ማይክል ሪድና ዴቪድ ጎልድሽላግ አንድ ሰው ኢንተርኔት ላይ ከማን ጋር እንደሚገናኝ ተመልካች እንዳያውቅ የሚያደርግ ዘዴ ይፈልጉ ነበር። ሲቨርሰን ከሮጀር ዲንግልዳይንና ከኒክ ማቲውሰን ጋር ሆኖ በ2002 ቶርን ሥራ ላይ አዋለ። መረቡ ለሕዝብ ክፍት የሆነው በችሮታ ብቻ አልነበረም፤ ከሥራው ጠባይ የመጣ ግዴታም ነው። የባሕር ኃይል ሰዎች ብቻ የሚጠቀሙበት መረብ ቢሆን ኖሮ ከዚያ የወጣ ሁሉ የባሕር ኃይል መሆኑ ይታወቅ ነበር። መሰወር የሚቻለው ልዩ ልዩ ሰው አብሮ ሲኖር ነው፦ ጋዜጠኛ፣ ተማሪ፣ ባሏን የምትሸሽ ሴት፣ ወታደር፣ ተራ አንባቢ። በ2004 ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተባለው የዲጂታል መብት ተሟጋች ድርጅት ለሥራው ገንዘብ ሰጠ፤ በ2006 ቶር ፕሮጀክት ራሱን የቻለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሆነ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንዲት ፕሮግራመር አዲስ አበባ ተቀምጣ የአንድ ድረ ገጽ ጥያቄ በቶር በኩል ትልካለች እንበል። ኮምፒዩተሯ ላይ ያለው የቶር ፕሮግራም መላው ዓለም ላይ በጎ ፈቃደኞች ከሚያንቀሳቅሷቸው ሺዎች ኮምፒዩተሮች ሦስቱን ይመርጣል፤ መግቢያ፣ መካከለኛ፣ መውጫ። ጥያቄዋንም በሦስት ድርብርብ ምስጠራ ይጠቀልለዋል። መግቢያው የላይኛውን ልጣጭ ሲያነሳ ለመካከለኛው አስተላልፍ የሚል ብቻ ያገኛል። መካከለኛው ሁለተኛውን ያነሳል፤ መውጫው የመጨረሻውን ልጦ ጥያቄውን ለድረ ገጹ ያደርሳል። የቶር ምልክት ሽንኩርት የሆነው ለዚህ ነው። መግቢያው ፕሮግራመሯን ያውቃታል፣ ወዴት እንደምትሄድ ግን አያውቅም። መውጫው መድረሻዋን ያውቃል፣ ማን እንደሆነች አያውቅም። ድረ ገጹ የሚያየው የመውጫውን አድራሻ ብቻ ነው፤ ምናልባት ጀርመን ወይም ኔዘርላንድስ ያለ ሰርቨር።

ቦት ወደዚህ መረብ ማስገባት በኮድ ረገድ ቀላል ነው። የቶር ፕሮግራም በራሱ ኮምፒዩተር ላይ በ9050 ቁጥር ወደብ ጥያቄ ይጠብቃል፤ ቦቱን ወደዚያ ማዞር ብቻ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚያንሸራትታቸው ነጥብ አለ። በብዙዎቹ የፓይተን ላይብረሪዎች የፕሮክሲው ዓይነት ሲጻፍ መጨረሻው ላይ አንዲት ፊደል ካልተጨመረች፣ የድረ ገጹ ስም ወደ ቁጥር የሚቀየረው በቶር ውስጥ መሆኑ ይቀርና በራሱ ኮምፒዩተር በኩል ይሆናል። ገጹ በቶር ይመጣል፤ «እዚህ ድረ ገጽ ልሄድ ነው» የሚለው የስም ጥያቄ ግን ሳይሸፈን በቴሌኮም ኩባንያው በኩል ያልፋል። ያቺ ፕሮግራመር ተሸፍኛለሁ ብላ ስትሠራ የሄደችበት ሁሉ ስሙ ተመዝግቦ ይቀራል። ለዋጋ ለቀማ ይህ ብዙም ላያሳስብ ይችላል፤ ሕይወቱ በመሰወር ላይ ለተመሠረተ ሰው ግን ከባድ አደጋ ነው።

ቶር አንዱን መንገድ ለአዳዲስ ግንኙነቶች አሥር ደቂቃ ያህል ይጠቀምበትና ሌላ ይዘረጋል። ቦቱ ካልታገሠ አዲስ መንገድ እንዲሰጠው ለፕሮግራሙ ትእዛዝ መላክ ይችላል፤ ቶር ግን ይህን ትእዛዝ ቶሎ ቶሎ አይቀበልም፣ በሁለቱ መካከል አሥር ሰከንድ ያህል ያስጠብቃል። የቦት ጸሐፊውን የሚማርከው ይኸው ነው፦ አንድ መውጫ ሲታገድ ሌላ፣ እሱም ሲታገድ ሌላ።

የሚሰናከለውም እዚሁ ላይ ነው። የቶር መውጫዎች በጥቂት ሺህ ብቻ የሚቆጠሩ ናቸው፤ ሁሉም ደግሞ በይፋ የሚታወቁ ናቸው። ዝርዝራቸውን የሚያወጣው ራሱ ቶር ፕሮጀክት ነው። ድረ ገጾች የማይታወቁ ጎብኚዎችን መቀበል አለመቀበል የራሳቸው ምርጫ ነው ብሎ ያምናል፤ በግምት ሌላውን ሁሉ ከሚዘጉ መውጫዎቹን ብቻ ለይተው ቢያውቁ ይመርጣል። ስለዚህ ቶርን ለማገድ የሚፈልግ አስተዳዳሪ ቦቱን ማደን እንኳ አያስፈልገውም፤ ዝርዝሩን አውርዶ ከአጥሩ ላይ መለጠፍ ይበቃዋል። በ2016 ይፋ የሆነ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት በወቅቱ በአሌክሳ ደረጃ ከነበሩት 1,000 ታላላቅ ድረ ገጾች ቢያንስ 3.67 በመቶ ያህሉ ከቶር የሚመጣን ሰው እንደሚያግዱ አሳይቷል። ያልታገደውም ካፕቻ ይገጥመዋል፤ የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ሥዕሎች ምረጥ የሚለው ፈተና ለቦት እንቅፋት ነው፣ ለሰውም አሰልቺ።

አድራሻው ባይታወቅ እንኳ ቦት በሌላ ይታወቃል። ሁለት ፕሮግራሞች ምስጢራዊ ግንኙነት ሲጀምሩ የትኞቹን የምስጠራ ዓይነቶች እንደሚችሉ በቅደም ተከተል ይነጋገራሉ፤ ያ ቅደም ተከተል ለእያንዳንዱ ፕሮግራም እንደ አሻራ ነው። ክሮም ነኝ ብሎ ራሱን ያስተዋወቀ፣ ሰላምታው ግን የፓይተን የሆነ ጎብኚ አድራሻውን መቶ ጊዜ ቢቀያይር መቶ ጊዜ ይለያል።

በ2016 ድረ ገጾችን ከጥቃት የሚጠብቀው ኩባንያ የክላውድፍሌር መሪ ማቲው ፕሪንስ ከቶር ወደ ኩባንያቸው መረብ ከሚመጡት ጥያቄዎች 94 በመቶው በባሕርያቸው ጎጂ መሆናቸውን ጻፉ። ጎጂ ያሏቸውንም ዘረዘሩ፦ የማስታወቂያ ማጭበርበር፣ የይለፍ ቃል ሙከራ፣ ቆሻሻ አስተያየት መለጠፍ፣ የደኅንነት ቀዳዳ ፍለጋ፣ የይዘት ለቀማም አለበት። ቶር ፕሮጀክት ቁጥሩን አጥብቆ ተቃወመ። አንድ መውጫ የብዙ ሰዎች መንገድ ነው፤ ጥቂት ቦቶች ሲያበላሹት አድራሻው በሙሉ ክፉ ተብሎ ይመዘገባል፣ ከዚያ በዚያ የሚያልፍ ንጹሕ አንባቢም እንደ ክፉ ይቆጠራል የሚል ነበር መልሱ። ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት አለ። ብዙ ጥያቄ የሚልከው ቦት ስለሆነ በጥያቄ ቁጥር ቦት ይበዛል፤ በሰው ቁጥር ግን የሚበዙት አንባቢዎች ሊሆኑ ይችላሉ። በ2018 ክላውድፍሌር የቶር ተጠቃሚዎችን ካፕቻ የሚቀንስ አገልግሎት ጀመረ።

ያ ንጹሕ አንባቢ ማን እንደሆነ ኢትዮጵያውያን ከሌላው በተሻለ ያውቃሉ። ግንቦት 2012 መጨረሻ ላይ ቶር ፕሮጀክት በወቅቱ የአገሪቱ ብቸኛ በነበረው የቴሌኮም ኩባንያ መሥመር ላይ፣ የሚያልፈውን ውሂብ ውስጡን ፈትሾ ቶርን የሚለይና የሚዘጋ ቴክኖሎጂ ሥራ ላይ መዋሉን አስታወቀ። ቶር ግንኙነት ሲጀምር የሚሰጠው ሰላምታ ከሌላው ተለይቶ ተይዞ ነበር። መልክ የሚለውጡ «ድልድዮች» ተዘጋጅተው አንዳንዶች እንደገና ገቡ። በዚያ ዘመን በውጭ አገር የሚዘጋጁ ብዙ የአማርኛ የዜና ድረ ገጾች ከአዲስ አበባ አይከፈቱም ነበር፤ ሰኔ 2018 ላይ 264 ድረ ገጾች መከፈታቸው እስኪታወጅ ድረስ እንደተዘጉ ቆዩ። የታገደ ዜና ለማንበብ ቶርን የሚከፍት ሰው መጀመሪያ የቴሌኮሙን አጥር ያልፋል፤ ቀጥሎ የሌላ ሰው ቦት ባስቆጣው ድረ ገጽ ላይ ካፕቻ ወይም 403 ይጠብቀዋል። የምርት ዋጋ ለመልቀም ቶርን የሚያጨናንቅ ሰው ይህን ላያውቅ ይችላል። አለማወቁ ጉዳቱን አይቀንሰውም።

የሚጎዳ ሌላም ሰው አለ፦ መውጫውን የሚያንቀሳቅሰው በጎ ፈቃደኛ። ከመውጫው የወጣ ነገር ሁሉ የሚመዘገበው በእሱ አድራሻ ነው፤ የአቤቱታ ደብዳቤም ሆነ ፖሊስ የሚመጣው ወደ እሱ ነው። ዲሚትሪ ቦጋቶቭ የተባለው የሞስኮ የሒሳብ መምህር ሚያዝያ 2017 ላይ ታሰረ፤ ሌላ ሰው የለጠፈው ጽሑፍ የወጣው እሱ ቤት ከሚያንቀሳቅሰው የቶር መውጫ ነበር። ለወራት በእስርና በቁም እስር ከቆየ በኋላ በ2018 ክሱ ተነሳ። ሌሊቱን ሙሉ ሺህ ገጽ የሚያወርድ ቦት ማንንም እስር ቤት ላያስገባ ይችላል፤ ግን የአቤቱታ ደብዳቤዎቹ ሲበዙ የሰርቨር አከራዩ ውል ያቋርጣል፣ መውጫውም ይዘጋል። በነጻ የተሰጠ የመተላለፊያ አቅም ነው የሚባክነው።

ቶር አላዋጣ ሲል ገበያው ሌላ ነገር አቀረበ፦ የመኖሪያ ቤት ፕሮክሲ። ጥያቄው ከእውነተኛ ሰው ቤት ስለሚወጣ ድረ ገጹ ለማገድ ያመነታል። ጥያቄው ግን እነዚያ ቤቶች ፈቅደዋል ወይ ነው። በ2015 ሆላ የተባለው የእስራኤል ነጻ ቪፒኤን የተጠቃሚዎቹን ግንኙነት ሉሚናቲ በሚባል አገልግሎት በኩል ለሌሎች እንደሚሸጥ በሰፊው ታወቀ፤ ብዙ ተጠቃሚ ኮምፒዩተሩ የሌላ ሰው መውጫ መሆኑን አልተረዳም ነበር። ሉሚናቲ በ2021 ስሙን ብራይት ዳታ ብሎ ቀይሯል። ከዚያም የከፋ አለ። ግንቦት 2024 ላይ የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር 911 ኤስ5 የተባለውን መረብ ማፍረሱን አስታወቀ፤ በነጻ ቪፒኤን ሽፋን በቫይረስ የተያዙ ኮምፒዩተሮች ስብስብ ነበር፣ ከ19 ሚሊዮን በላይ የአይፒ አድራሻዎችም ነበሩት። በነጻ የተጫነ ቪፒኤን ያላቸው ስልኮችና ላፕቶፖች እኛም ዘንድ ሞልተዋልና ነገሩ ሩቅ አይደለም።

ሕጉስ ምን ይላል? በ2012 ክሬግስሊስት የተባለው የማስታወቂያ ድረ ገጽ ስሪታፕስ የተባለውን ኩባንያ ከሰሰ። ስሪታፕስ ማስታወቂያዎቹን ይለቅም ነበር። ክሬግስሊስት አቁሙ የሚል ደብዳቤ ላከ፣ አድራሻዎቹንም ዘጋ፤ ስሪታፕስ በፕሮክሲ ተመለሰ። ዳኛ ቻርልስ ብራየር ይህ ያለ ፈቃድ መግባት ሊሆን ይችላል፣ ክሱም ይቀጥላል አሉ። በግልጽ አትግባ ተብሎ፣ በአድራሻውም ታግዶ፣ እገዳውን ሆን ብሎ ያለፈ ሰው አላወቅሁም ሊል አይችልም። በ2015 ስሪታፕስ 1 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ገንዘቡም ለዚያው ቶርን በጅማሬው ለደገፈው ለኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን በአሥር ዓመት ውስጥ እንዲሰጥ ተወሰነ። ድርጅቱ በክርክሩ የሕጉን ትርጓሜ በተመለከተ ስሪታፕስን ደግፎ ነበር።

የመረጃ ለቃሚው ኩባንያ የሃይኪው እና የሊንክድኢን ክርክር ደግሞ ለለቃሚዎች ተስፋ ሰጥቶ ነበር። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2019ም በ2022ም ለማንም ክፍት የሆነ ገጽ ማንበብ ኮምፒዩተር ሰብሮ እንደመግባት አይቆጠርም ወደሚለው አዘነበለ። ብዙ ሰው ታሪኩን እዚያ ላይ ያቆመዋል። ግን በ2022 መጨረሻ የታችኛው ፍርድ ቤት ሃይኪው የአጠቃቀም ውሉን መጣሱን ወሰነ፤ ኩባንያውም 500,000 ዶላር የሚያስከፍል ፍርድ ተቀብሎ ጉዳዩ ተዘጋ። ወንጀል አለመሆንና ተጠያቂ አለመሆን የተለያዩ ናቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 (የአዋጆቹ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ያለ ፈቃድ ወይም ከተፈቀደው አልፎ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትን ይቀጣል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን ስም፣ ስልክና አድራሻ የሚሰበስብ ሁሉ ሊያነበው የሚገባ ነው።

እንዲህ ሲባል መረጃ መልቀም ነውር ነው ማለት አይደለም። የፍለጋ ሞተሮች ያለ እሱ አይኖሩም። የዋጋ ንረትን የሚያጠና፣ የመንግሥት ጨረታዎችን የሚከታተል ጋዜጠኛ፣ ለቋንቋው መዝገበ ቃላት የሚያሰናዳ ሁሉ ይፈልገዋል። አማርኛ ራሱ የዚህ ተጠቃሚ ነው። የቼክ፣ የኖርዌይና የኢትዮጵያ ምሁራን የተሳተፉበት ሃቢት የተባለው ፕሮጀክት የአማርኛ፣ የአፋን ኦሮሞ፣ የትግርኛና የሶማልኛ ድረ ገጾችን በማሰስ ለምርምር የሚሆን ትልቅ የጽሑፍ ክምችት አዘጋጅቷል። ለዚህ ሥራ ፊት መሸፈን አያስፈልግም፤ እንዲያውም ማንነትን መግለጽ ይጠቅማል።

አሠራሩ የቆየ ነው። በ1994 ማርታይን ኮስተር አንድ ድረ ገጽ ቦቶች የትኛውን ክፍል እንዲያስሱ፣ የትኛውን እንዲተዉ የሚናገርበትን ሮቦትስ የተባለ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ሐሳብ አቀረበ፤ በ2022 ይፋዊ የኢንተርኔት መመዘኛ ሆነ። ጨዋ ቦት መጀመሪያ ያንን ያነባል። ስሙንና የባለቤቱን ኢሜይል ጥያቄው ላይ ይጽፋል፤ አስተዳዳሪው ሲቸገር ከማገዱ በፊት የሚጽፍለት ሰው ያገኛል። በአንድ ጊዜ አንድ ገጽ ይጠይቃል፣ በመካከሉ ሰከንዶች ይታገሣል፣ 429 ሲመጣ ያቆማል፣ ያልተለወጠ ገጽ ደግሞ አያወርድም። ድረ ገጹ ለፕሮግራሞች ያዘጋጀው መግቢያ ካለ እሱን ይጠቀማል፤ ለምሳሌ ጊትሀብ ላልተመዘገበ ጠያቂ በሰዓት 60፣ ለተመዘገበ 5,000 ጥያቄ ይፈቅዳል። ስሙን የነገረ ሰማንያ ጊዜ እጥፍ ያህል ይፈቀድለታል ማለት ነው፤ የትኛውም ፕሮክሲ ይህን ያህል በርካሽ አያስገኝም።

በግንቦት 2023 ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው ነጻ የዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ለአንድ ሰዓት ያህል ከአገልግሎት ውጭ ሆነ። በአማዞን ኪራይ ሰርቨሮች ላይ ያሉ 64 አድራሻዎች የቆዩ መጻሕፍትን ጽሑፍ በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጥያቄ ያወርዱ ነበር። መጻሕፍቱ ማንም በነጻ ሊወስዳቸው የሚችሉ ነበሩ። መሥራቹ ብሩስተር ኬል ያኔ የጻፉት መልእክት ልመና ነው ማለት ይቻላል፦ በብዛት ማውረድ የምትፈልጉ ቀስ ብላችሁ ጀምሩ፣ እየጨመራችሁ ሂዱ፣ ትልቅ ሥራ ከሆነም ጻፉልን፣ እንረዳችኋለን። ዊኪሚዲያ ፋውንዴሽንም ሚያዝያ 2025 ላይ ምስልና ቪዲዮ ለማውረድ የሚውለው የኢንተርኔት አቅም ከጥር 2024 ወዲህ በ50 በመቶ መጨመሩን፣ ጭማሪውም በአብዛኛው ከቦቶች መምጣቱን ገልጿል። በጣም ውድ ከሆነው ትራፊክም 65 በመቶው የእነሱ ነበር።

ዊኪፔዲያን በቦት መልቀም የማያስፈልግ መሆኑ ነው የሚያስቆጨው። ድርጅቱ የሁሉንም ቋንቋዎች ሙሉ ይዘት በየጊዜው በአንድ ላይ ጨምቆ ለማንም ያስቀምጣል። የአማርኛው ዊኪፔዲያ ትንሽ በመሆኑ ጽሑፉ በሙሉ አንዲት የተጨመቀች ፋይል ናት፤ በተራ የሞባይል ዳታ ትወርዳለች። ምዝገባ የለባትም፣ ክፍያ የለባትም፣ ካፕቻም የለባትም።